ድምፁን ከስክሪኑ ጋር አትላኩት

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻዬን ነኝ። ርዕሱ፣ ስልኩ ሩቅ ሰርቨር ላይ ሲጫን ድምፁ ለምን እንደሚበላሽ ነው፤ ትንሽ የአይቲ ሰው ወሬ ነው፤ ግን ኮል ሴንተር የሠራችሁ፣ ወይም ደውላችሁ «ሄሎ? ይሰማሉ?» ስትሉ የዋላችሁ ወዲያው ይገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ አንድ ጠንካራ ሰርቨር ያቆምና ሁሉም በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሰርቨሩን ስክሪን ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ እያየ፣ እዚያ ላይ ይሠራል። ለኤክሴል፣ ለኢሜይል፣ ለሂሳብ ሥራ ግሩም ነው፤ እኔ ራሴ እወደዋለሁ። አንድ ቦታ ካስተካከልክ ለሁሉም ተስተካከለ ማለት ነው። ከዚያ አለቃ ይመጣና «ታዲያ ስልኩንስ ለምን እዚያው አንጭነውም?» ይላል። ሶፍትፎኑም፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚያስደውለው ፕሮግራም፣ ይጫናል።

እስቲ ድምፁን እንከተለው። ደንበኛው ሲናገር ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ በፓኬት፣ ማለትም በትንንሽ የመረጃ ጥቅሎች፣ ይመጣል። መጀመሪያ ወደ ስልክ ማዕከሉ፣ ከዚያ ወደ ሰርቨሩ። ሶፍትፎኑ ይፈታዋል፤ ሪሞት ዴስክቶፑ ደግሞ እንደገና ጨምቆ ስልኩን ወደምትመልሰው ሠራተኛ፣ ወደ ኤጀንቷ፣ ኮምፒውተር ይልከዋል። ሄድሴቷ ጋ የሚደርሰው ይሄን ሁሉ ዞሮ ነው፣ መልሷም በዚያው ይመለሳል። ግንኙነቱ በቲሲፒ፣ ማለትም ሁሉም በተራው መድረሱን በሚያረጋግጠው የአላላክ ዘዴ፣ ብቻ ከሆነማ አንድ ፓኬት ስትጠፋ የኋላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃታል። ስክሪን ቢጠብቅ ማንም አያማርርም። ለድምፅ ግን የጠፋውን ትቶ ማለፍ ይሻላል፤ የስልክ ድምፅ የጠፋውን በማይጠብቀው ዘዴ፣ በዩዲፒ፣ የሚሄደውም ለዚሁ ነው።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በሚለው ምክረ ሐሳቡ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመርጣል። ቁጥሩን ተዉትና የእኛን ሰላምታ አስቡ። «እንደምን ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል። መዘግየት ሲገባበት ሁለቱም እኩል ይናገራሉ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ፤ «ይቀጥሉ»፣ «አይ፣ እርስዎ ይቀጥሉ» ይጀመራል። ደግሞ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላት ነገር አለች አይደል? ዝምታን እየለየ የማይልክ ሶፍትፎን እሷንም ዝምታ ነች ብሎ ሊጥላት ይችላል። ደንበኛው «አሉ?» ይላል። ልጅቷ እኮ መልሳለች!

የፖርቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ መረጃ የሚቀበልበትን ባለቁጥር በር፣ ጣጣ ቶሎ ልለፈው። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ሶፍትፎኖች በአንድ አይፒ አድራሻ ላይ ሆነው ብዙ ጊዜ የተለመደውን የጥሪ ፖርት፣ 5060ን፣ ይፈልጋሉ፤ ቀድሞ የገባው ይይዘዋል። ለየተጠቃሚው የተለያየ ፖርት ስጡ፣ ያልቃል። ማይክ አልሠራ ካለም መጀመሪያ የማይኩ ድምፅ ወደ ሪሞቱ እንዲያልፍ መፈቀዱን እዩ።

የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው፦ ሥራው ሰርቨር ላይ ይሁን፣ ድምፁ ጠረጴዛው ላይ ይቅር። ወይ ሶፍትፎኑን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፣ ወይ የጠረጴዛ ስልክ አስቀምጡና የሰርቨሩ ፕሮግራም «ደውል» ብቻ ይበለው። የሪሞት ዴስክቶፕ ሶፍትዌር የሚሠራው ሲትሪክስም የጥሪና የስብሰባ ፕሮግራሙ ማይክሮሶፍት ቲምስም ለእንዲህ ያለ አሠራር ያዘጋጁት መፍትሔ ይኸው ነው፤ መስኮቱ ሪሞቱ ላይ ይታያል፣ ድምፁ ግን ከኤጀንቷ ኮምፒውተር በቀጥታ ይወጣል። «እንግዲያው እያንዳንዱን ኮምፒውተር ልንጠብቅ ነው» የሚል አለቃ አለ። ልክ ነው፣ ሥራው ይጨምራል፣ አልክድም።

የግድ ሰርቨሩ ላይ ይሁን ከተባላችሁ ደግሞ ሙከራውን ማታ፣ ሁለት ሰው ብቻ ሆናችሁ አታድርጉት። ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ገብቶ፣ አንዱ ትልቅ ሪፖርት እያተመ፣ ሌላው ቪዲዮ ከፍቶ፣ ያኔ ደውሉና አለቃውን ሄድሴቱን አስደርጉት።