የሰፈሩን ትልቅ ልጅ የተካ መጽሔት

ሜሮን፦ እሺ፣ ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ መጽሔት ነው የምናወራው። የወረቀት መጽሔት! ርዕሱን ስነግረው ዳዊት ሳቀብኝ።

ዳዊት፦ ኧረ አልሳቅኩም። በዚህ ዘመን መጽሔት የሚገልጥ ልጅ አለ ወይ ነው ያልኩት።

ሜሮን፦ እሱ ላይ ነው ነገሩ፣ ልጁ አይደለም የሚገልጠው። ፋሚሊ ፈን የሚባለውን ታውቀዋለህ አይደል? እዚሁ አሜሪካ በ1991 ነው የተጀመረው። ጄክ ዋይንባም የሚባል ሰው አቋቋመው፣ በዓመቱ ዲዝኒ ገዛው። ሽፋኑን ያየ ሰው የልጆች መጽሔት ይመስለዋል። የሚጻፈው ግን ለወላጅ ነበር፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት ልጅ ላለው። የእጅ ሥራው፣ ምግቡ፣ የልደት ኬኩ፣ ዝናብ ይዞህ ቤት ስትውል ልጆቹን የምታጫውትበት፣ ሁሉም ነበረው።

ዳዊት፦ ሃይላይትስ ከሚባለው የልጆች መጽሔት በምን ይለያል?

ሜሮን፦ ሃይላይትስማ የልጁ የራሱ ነው።

ዳዊት፦ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። የጥርስ ሐኪም ጋ ወረፋ ስትጠብቂ ጠረጴዛው ላይ አይጠፋም። ያ ስዕሉ ውስጥ የተደበቁ ዕቃዎችን ፈልጉ የሚለው ገጽ አለ አይደል? ልጄ በጉጉት ስትገልጠው ቀድሞ የመጣ ልጅ ሁሉንም በእስክሪብቶ አክብቦ ጨርሶታል።

ሜሮን፦ (ሳቅ) የሁሉም ቤት ጣጣ ነው። እሱ ደግሞ የቆየ ነው፣ ከ1946 ጀምሮ አለ። ጋሪ ማየርስና ካሮላይን ማየርስ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው የጀመሩት፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሆንስዴል በምትባል ትንሽ ከተማ። ሁለቱም ያኔ ስልሳ ዓመት አካባቢ ነበሩ፣ ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ አስበው። በ2006 አንድ ቢሊዮንኛውን ቅጂ አተሙ። ማስታወቂያ የሚባል ነገር ደግሞ የለውም።

ዳዊት፦ ፋሚሊ ፈንስ?

ሜሮን፦ እሱ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ነበር፣ አንዋሽም። በ2012 ዲዝኒ ሜሬዲት ለሚባል የመጽሔት አሳታሚ ሸጠው። ግን የአሠራሩ ነገር ነው እኔን የሚገርመኝ። ምን ምን እንደሚያስፈልግ ከላይ ይነግርሃል። ስታየው ግማሹ ቤትህ ያለ ነው፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የወረቀት ሳህን፣ ሶፍቱ ሲያልቅ መሃሉ የሚቀረው ካርቶን፣ ኮላ፣ መቀስ።

ዳዊት፦ እዚህ ጋ ላቋርጥሽ። እኛ እኮ ይሄን ሁሉ ያለ መጽሔት ነው የሠራነው። የሽቦ መኪና ሠርተናል። ካልሲ ጠቅጥቀን ኳስ ሠርተናል። ቆርኪ ለቅመናል። ለቡሄ ጅራፍ ገምደናል። እናቴ ቁጭ ብላ «ና ልጄ፣ ዛሬ የእጅ ሥራ እንሠራለን» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ያመማት ነበር የሚመስለኝ።

ሜሮን፦ ትክክል። ታዲያ ማን አሳየህ?

ዳዊት፦ ማን ያሳየኛል፣ ከእኛ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች ናቸዋ። ሁለት ሦስት ዓመት የሚበልጠን ልጅ ይኖራል፣ ሽቦው የት እንደሚገኝ፣ ጎማው በምን እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ ነው። ትንሽ ያመናጭቅሻል፣ ግን ያሳይሻል።

ሜሮን፦ በቃ፣ የእኔ ነጥብ እሱ ነው! መጽሔቱ የተካው ያንን የሰፈር ልጅ ነው። እዚህ አፓርታማ ውስጥ ከፍ ያለ ልጅ የለም፣ ሰፈርም የለም። ልጅህ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። ስለዚህ የዛን ልጅ ቦታ አንተ ነህ የምትይዘው፣ ወደድክም ጠላህም፣ ከሥራ ደክሞህ ገብተህም ቢሆን። አንተ ደግሞ ረስተኸዋል፣ ወይም የምታውቀው ነገር ሽቦና ቆርኪ ይፈልጋል፣ ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄን ያዝ፣ እንዲህ አድርግ» ሊልህ ይገባል።

ዳዊት፦ አሁን ገባኝ። ግን ስልኩ አለ አይደል? ቪዲዮው መዓት ነው።

ሜሮን፦ ቪዲዮውን ልጁ ያየዋል እንጂ አይሠራውም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ሰው ሲሠራ እያየ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ደግሞ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። የእኔ ልጅ የሠራው ጉማሬ ድንች ነው የሚመስለው። ይምሰል!

ዳዊት፦ እሺ፣ ለአድማጮቻችን አንድ የሚሠራ ነገር እንስጥ። ወሬ ብቻ እንዳይሆን።

ሜሮን፦ የጨው ሊጥ። ለዚህ ዓይነት መጽሔት የጨው ሊጥ እንደ እኛ ሽሮ ነው፣ ምንም ከሌለ እሱ አለ። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ። ውሃውን ቀስ እያልክ ነው የምትጨምረው፣ አንዴ ከገለበጥከው እጅ ላይ ይጣበቃል። ከዛ ልጆቹ ይሹት፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ሲቆይ ነው የሚለሰልሰው። ጥፍራቸው ሥር የተላጠ ነገር ካለ ያቃጥላቸዋል፣ ቀድመህ እጃቸውን እይ።

ዳዊት፦ ምን ሠራችሁበት?

ሜሮን፦ ሚጢጢ ጀበናና ሲኒ። ሲኒው ቀላል ነው፣ አውራ ጣትህን መሃሉ ላይ ጫን ታደርጋለህ፣ አለቀ። የጀበናው አፍ ነው እንቢ ያለን፣ እየጎነበሰ ወደቀ። ስንጥር ውስጡ ከትተን ቆመልን። ኦቨኑ 200 ፋራናይት ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ወፈር ካለ ከዚያም በላይ። መጋገር አይደለም፣ ማድረቅ ነው። ማንጠልጠያ ቀዳዳ ከፈለግክ ሳይደርቅ በስትሮ ትበሳዋለህ። ሲቀዘቅዝ ቀለም።

ዳዊት፦ አይበላም አይደል?

ሜሮን፦ አይበላም! ውሻ ያለው ሰው ደግሞ በጣም ይጠንቀቅ፣ ያ ሁሉ ጨው ለውሻ መርዝ ነው። የሚበላ ከፈለጋችሁ ዳቦ ቆሎ ሥሩ።

ዳዊት፦ ዳቦ ቆሎን እኔ ልንገር፣ እኔም ድርሻዬን። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ውሃ ግማሽ ኩባያ አካባቢ። ጠንከር ያለ ሊጥ ነው የሚሆነው። ልጁ ጠረጴዛ ላይ እንደ ገመድ እያንከባለለ ያሳስሰዋል፣ ከዛ በማይስል ቢላ ወይ በልጆች መቀስ ቆረጥ ቆረጥ። ኦቨን ውስጥ 350 ፋራናይት ላይ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ እያገላበጡ።

ሜሮን፦ በርበሬስ?

ዳዊት፦ ሊጡን ለሁለት ክፈይው። ግማሹ ላይ በርበሬ፣ የልጆቹ በስኳሩ ብቻ። ሊጡን በጥሬው እንዳይቀማምሱ ብቻ ተቆጣጠሪ፣ ያልበሰለ ዱቄት ሆድ ያሳምማል።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልጨምርና እናብቃ። እኛ የራሳችን የእጅ ሥራ ቀን አለን እኮ። እንቁጣጣሽ! ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ ምን ይይዙ ነበር?

ዳዊት፦ ስዕል። አንድ ዋና ስዕል እንሠራና መስኮት ላይ አስደግፈን እንገለብጠው ነበር፣ ብርሃኑ እያሳየን። መልአክ፣ ጸሐይ፣ አደይ አበባ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ»። ከለሩ ሲያልቅ የመልአኩ ክንፍ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ ይሆናል። ከዛ በየቤቱ እያደልን ሳንቲም እንለቅማለን። ቁም ነገሩ ሳንቲሙ ነበር።

ሜሮን፦ እዚህም መስኮት አለ፣ ወረቀት አለ፣ የእነሱ ከለር ደግሞ አያልቅም። ሴት ወንድ ሳንል ሁሉም ይሳል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ጀምሩ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጊዜ አይኖርም። ዘመድ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎረቤትም ጭምር፣ ፈረንጅም ቢሆን በሩን አንኳኩ።

ዳዊት፦ የእኔዋ ግን ዩኒኮርን ካልሆነ አትስልም።

ሜሮን፦ ዩኒኮርኑ ሥር «እንኳን አደረሳችሁ» ትጻፍበት፣ ምን ቸገረህ?

ዳዊት፦ እማማ ቤት ዩኒኮርን ይዤ ልገባ?

ሜሮን፦ አንዱን ገብርኤል አስላትና ከላይ አድርገው። ብሩ የሚመጣው በገብርኤሉ ነው።