ማን አነበበው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ የመግቢያ ሙዚቃውንም ዘልዬዋለሁ፤ ምክንያቱም ፉሪ ላይ መብራት የመጣው ገና አሁን ነው፣ እስከ መቼ እንደሚቆይም የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ በዓሉን በሰላም ተሻግሯል፤ ይታረዳል ብላችሁ ያስያዛችሁ ሁሉ ተበልታችኋል። በመካከል ከጮኸ እንደ ተባባሪ አዘጋጅ ቁጠሩት።

ስለ ትምህርት ክፍላችን የዕውቅና ቀን ልነግራችሁ ነው። አንጋፋው ባልደረባችን ጋሼ ትናንት «ያ ነገር እስካሁን አለቀቀህም?» ብለውኛል። አለቀቀኝም።

ፕሮግራሙ እንደምታውቁት ነው፤ ባነር፣ የታሸገ ውኃ፣ ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ የሚገባ የክብር እንግዳ። መድረኩን የመምራት ዕዳ እንደ ልማዱ በእኔ ላይ ወድቋል። የእንግሊዝኛና የሌሎች ቋንቋዎች መምህራን በዓመቱ ያከናወኑት በየተራ ተነበበ፦ ሦስተኛ ዲግሪውን ያጠናቀቀ፣ ከረዳት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያደገች፣ በዓለም አቀፍ መጽሔት ያሳተመ፣ ተማሪዎቻችን በመውጫ ፈተናው ያስመዘገቡት ውጤት። ይህን ሁሉ አቅልዬ አላየውም። በመምህር ደመወዝ እየኖሩ፣ ክፍለ ጊዜ ሳያጓድሉ፣ ገምጋሚ «እንደገና ይጻፍ» ብሎ የመለሰውን ጽሑፍ ሌሊት እየተነሡ አስተካክሎ ማሳተም ቀላል ነገር አይደለም፤ ጭብጨባው ይገባቸዋል።

ከዚያ የተማሪዎች ተራ ደረሰ። የዓመቱ ምርጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ተብሎ የአንዲት ተማሪ ስም ተጠራ። ልጅቷ ስትነሣ ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ተይዞባት ትንሽ ታገለች። ኃላፊያችን የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ እሷም ከወገቧ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ፎቶ አንሺው «አንዴ ወደዚህ» አለ። ማይኩ በእኔ እጅ ነበር፤ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ይዤዋለሁ፣ አልጠፋም። ወደ መቀመጫዋ ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ኃላፊው ዞር ብላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ማን አነበበው?» አለች።

ማይኩ ያዘው፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ኃላፊው ሳቅ ብለው «ኮሚቴው ነዋ!» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ እኔም ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ የተፈጸመ ነገር የለም።

በመጀመሪያ ማመስገን ፈልጋ ነው ብዬ ነበር። ጽሑፏን ያነበበላትን ሰው አጣርታ፣ ቢሮው ድረስ ሄዳ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት የማይከብዳት ዓይነት ልጅ ናት። ማታ ቤቴ ስደርስ ሐሳቤ ተገለበጠ፤ ማንም እንዳላነበበው ታውቃለች፣ በአደባባይ ልታጋልጠን ነው አልኩ። ይህን ስል ደግሞ ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በእኛ እንጃ። ቆይቶ ሦስተኛ ነገር መጣብኝ፦ ምናልባት የምትከራከረው ሰው ፈልጋ ይሆናል። ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ሥራ ሲያስረክብ ሙገሳ ብቻውን አያጠግበውም፤ «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» የሚለውን ሰው ይፈልጋል። ቀረጻውን ከተማሪዎቹ ሚዲያ ክበብ ወስጄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሥነ ድምፅ መምህራችንም የድምፅዋን ሞገድ በኮምፒዩተር አውጥቶ ከመረመረልኝ በኋላ የደረሰበት ብቸኛ ሳይንሳዊ ግኝት ልጅቷን ጉንፋን ይዟት እንደነበር ነው።

ጽሑፉን ከትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ለምኜ ወሰድኩ። ሽፋኑ ሲገለጥ የጥራዙ ሙጫ ተንቋቋ፤ በኅዳጎቹ ላይ አንድም የእርሳስ ምልክት የለም። ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ አማካሪዋና ፈታኟ ያረሙት ቅጂ ሌላ ነው፣ እነርሱም አንብበውታል ብዬ አምናለሁ። ማለቴ፣ አንድ አማካሪ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደሚሸከም ታውቃላችሁ… እምነቴ እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል።

ሥራው ግን! እዚሁ ከተማው ዳር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ9ኛ ክፍል የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስትከታተል ከርማለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ደንግጓል። እሷ ያየችው ግን መምህሩ ከመጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሲያነብ፣ በአማርኛ ሲያብራራ፣ ላልገባቸው በኦሮምኛ ሲደግም፣ በመጨረሻም ማስታወሻውን መልሶ በእንግሊዝኛ ሲያስገለብጥ ነው። በተከታተለቻቸው ክፍለ ጊዜያት በእንግሊዝኛ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ አላጋጠማትም። በአባሪው ላይ የአንድ ተማሪ ደብተር ገጽ ፎቶ አለ፤ ከእንግሊዝኛው መስመር በላይ በቀጭን እርሳስ «ፎቶሲንተሲስ»፣ «ክሎሮፊል»፣ «ስቶማታ» ተብሎ በእኛ ፊደል ተጽፏል። አነባበቡ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ምን ማለት እንደሆኑ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ ከገጹ ላይ የለም። እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ።

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ኩረጃን፣ መምህሩን፣ ስልክን ስንወቅስ ሰንብተናል። በዚያ ውድቀት ውስጥ የቋንቋው ድርሻ ይህን ያህል ነው ብዬ አልናገርም፤ እሷም አልተናገረችም፣ ጠንቃቃ ናት። ሆኖም በማካካሻ ትምህርቱ (በሪሚዲያል) እና በመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ የምንቀበላቸው እነዚያኑ ልጆች ስለሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ሊያነብ የሚገባው ክፍል በመላው ግቢ ቢፈለግ ከእኛ ሌላ አይገኝም። እኛ ደግሞ ሸለምነው፤ በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ «ምርጥ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ 1» ተብሎ ሰፍሯል።

ከርዕሴ አልወጣሁም፣ ታገሡኝ። እ.ኤ.አ. በ1961 አራት ኪሎ ላይ፣ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚገኙበት የኮሌጅ ቀን፣ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አሰማ። በቀጣዩ ዓመት ቁጣ የቀሰቀሱ ሌሎች ግጥሞች ከተነበቡ በኋላ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚያወራ ሰው እነዚያን ግጥሞች ሳያነሣ አያልፍም፤ በጊዜው ግን በማንም የስኬት ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። እኔን የሚያስቀናኝ ድፍረቱ አይደለም፤ መደመጣቸው ነው። የሚቀጣም እኮ ቢያንስ አድምጧል። ይህን ስል ለራሴም አስፈራኝ፤ ቅጣት ናፈቀኝ ማለቴ አይደለም፣ እባካችሁ ይህቺን ቆርጣችሁ አታሰራጩብኝ። ደራሲው ዳኛቸው ወርቁም በዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ልቦለድ አሳተመ። በእኛ የውጤት ቅጽ ላይ ያ ልቦለድ የትኛው ዓምድ ውስጥ ይገባ ነበር? «ሌሎች» በሚለው መሰለኝ፤ ከአውደ ጥናት ተሳትፎ ቀጥሎ።

ከተማሪዋ ይልቅ ስለ እኛ ስለ መምህራኑ መናገር ይከብደኛል። በዚያ አዳራሽ ከነበርነው መካከል የባልደረባውን የታተመ ጽሑፍ ከርዕሱና ከአጠቃሎው አልፎ የሚያነብ ማን ነው? ጋሼ ያነባሉ። ወረቀቱን አትመው፣ ኅዳጉን በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው፣ መምህራን ክበብ ድረስ ይዘው መጥተው፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ከጸሐፊው ጋር ይሟገታሉ። የጋሼ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ራሳቸው አያሳትሙምና።

የሚቀጥለውን ዓመት ቅጽ የሚያሻሽል ኮሚቴ ሲቋቋም እኔም ገባሁበት። «ጽሑፉን ያነበቡ ሰዎች ስምና አስተያየት» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር ብዬ አረቀቅሁና፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ልጄ፣ ይህንንም ነጥብ ትሰጡበታላችሁ፤ ከዚያ ያላነበበው ሁሉ አነበብኩ ብሎ ይፈርማል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወይም ግማሽ እውነት ነው፤ ዓምድ ስለሌለ ብቻ ሳይነበቡ የቀሩ ስንት ናቸው ብዬ ልመልስላቸው አስቤ ነበር፣ ሳልለው ቀረሁ።

ልጅቷን ጠይቃት ትሉኝ ይሆናል። ስልኳ አለኝ። ብደውልና «እንዲሁ ነው የጠየቅሁት መምህር» ብትለኝስ? ረቂቁ ደግሞ እስከ ዓርብ ገቢ መደረግ አለበት። ዓምዱን ጠዋት ሰርዤው ከሰዓት በኋላ መለስኩት፤ አሁን «አስተያየት» የሚለውን አውጥቼ ስሙን ብቻ ልተው ይሆን እያልኩ… ስሙ ብቻውን ደግሞ ጋሼ ያሉት ፊርማ ይሆናል። እንግዲህ እስከ ዓርብ…