ከፊልትሮ እስከ ማኒፎልድ፦ ስለ ከባድ መኪና አየር መሳቢያ የተደረገ ንግግር

ክቡራን የከባድ መኪና ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አየር ነው። ከጂቡቲ ወደብ ጭኖ የሚነሳ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ሲገባ 2,300 ሜትርን አልፏል። ለማነጻጸር ያህል ሙቀቱን 20 ዲግሪ እናድርገውና፣ ወደቡ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ይመዝናል። ያው አንድ ሜትር ኩብ አዲስ አበባ ላይ 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ጭነቱ ግን አንድ ኪሎ አልቀነሰም።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ቢያንስ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣውና አየሩ ለመደባለቅ የሚያገኙት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ጭስ እንዳይወጣ ከ20 ኪሎ በላይ መስጠት ግድ ይላል። በዚህ ሂሳብ አንድ ሊትር ናፍጣ አዲስ አበባ ላይ 20 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይፈጃል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል አስቡት፤ መቶ በርሜል አየር ለአንድ ሊትር ናፍጣ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ የአየር ማጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ፊልትሮና በአንድ ቱቦ ነው።

አየር መሳቢያ ቀይሮ ጉልበት ስለመጨመር ብዙ ይወራልና አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚመጣው ከሚረጨው ናፍጣ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ የማይጨስ ከሆነ፣ ለያዘው ናፍጣ የሚበቃ አየር አለው፤ ቱቦውን ብታሰፉለት የምታገኙት ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቅሙ የሚገኘው አየር በታፈነበት፣ በሞቀበትና በሚያፈስበት መኪና ላይ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ደግሞ መንገዳችን ላይ ሞልቷል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችን በፊት እንለካ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ሲኖትራክ ሃዎ 371 እንውሰድ። ሞተሩ ደብሊው ዲ 615 ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ የሲሊንደሩ ስፋት 126 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 130 ሚሊሜትር፣ በድምሩ 9.7 ሊትር። በ1,400 ዙር ያለ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ቢሆን በደቂቃ 6.8 ሜትር ኩብ አየር ይስብ ነበር፤ ቱርቦው ሲጭንለት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህን የሚያህል አየር ሲሳብ በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ያለው ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል። የሚወርደውን መጠን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያዙ። አንድ ሜትር በሚሆን ጣውላ ላይ መሐሉ ታች ላይ ዞሮ ሁለት እግር እንዲያወጣ አድርጋችሁ እሰሩት። ቀለም የነካ ውሃ እስከ ግማሹ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ፣ ከቱርቦው በፊት ባለው ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ ግጠሙት፤ ብዙ መኪና የፊልትሮ ጠቋሚው የሚገባበት ቀዳዳ እዚያው አለው። ቀዳዳ ከሌለ ቱቦውን አውልቃችሁ ውጭ ብሱት። ተገጥሞ ሳለ ከበሳችሁት የብረት ፍቅፋቂው ቱርቦው ውስጥ ይገባል። ሌላውን ጫፍ ክፍት ተዉት።

መኪናው ቆሞ የሚነበበው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ጭነት ይዞ፣ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የሚለካው። ከአዋሽ ወደ አዳማ ያለው ዳገት ለዚህ ይመቻል። ሾፌሩ መንገዱን ይይ፣ ረዳቱ ያንብብ። በሁለቱ እግሮች ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው የሚጻፈው። ፊልትሮው አዲስ ሲሆን ከ250 እስከ 375 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። 635 ሚሊሜትር ከደረሰ ለአብዛኛው ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ፊልትሮው ይቀየራል። አዲስ ፊልትሮ ተገጥሞም ወደዚያ የሚጠጋ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ያን ጊዜ መለኪያውን ከፊልትሮው በፊት አዛውሩት። ግማሹን ያህል እዚያ ካገኛችሁት፣ አፋኙ መሳቢያው አፍና ቱቦው ነው።

ልብ በሉ፣ ደጋ ላይ ያው ቱቦ የበለጠ ያፍናል። ሞተሩ ያንኑ ኪሎ አየር ለማግኘት የሳሳውን አየር በበለጠ ፍጥነት መሳብ አለበት። ቆላ ላይ ደህና ቁጥር ያሳየ መኪና ሽቅብ ሲወጣ ሊታፈን ይችላል።

ቱቦው አፋኝ ሆኖ ከተገኘ ማሻሻያው እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ለተመሳሳይ የአየር መጠን ባለ 100 ሚሊሜትር ቱቦን ወደ 125 ብታሳድጉት፣ ቀጥ ባለው ክፍል የሚጠፋው ግፊት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ከ125 ወደ 150 ቢያድግ ደግሞ ከግማሽ በታች ይሆናል። ከስፋቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግን ጥምዝ ነው። ከላሜራ ተቆርጦ በቀኝ ማዕዘን የተበየደ ጥግ አየሩን ግድግዳ ላይ ያጋጨዋል። የጥምዙ ራዲየስ የቱቦውን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን፤ ለ125 ሚሊሜትር ቱቦ 190 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ስታሠሩ ብየዳውን ከውስጥ በጣታችሁ ዳስሱት። የቀረች የብየዳ ፍንጣሪ በንዝረት ተላቅቃ የምትገባው በደቂቃ ወደ 100,000 ዙር የሚሽከረከር የቱርቦ ምላጭ ላይ ነው።

የመሳቢያው አፍ ከጋቢናው ጀርባ፣ ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ጎማ የሚያነሳው አቧራ ወፍራሙ ታች ነው የሚቀረው። አንዳንዶች ደግሞ የፊልትሮውን ቤት ከነቱቦው አውልቀው ክፍት የሆነ ሾጣጣ ፊልትሮ ሞተሩ አጠገብ ይገጥማሉ። ድምፁ ያምራል፤ መኪናው የበረታ ይመስላል። ነገር ግን የሚሳበው አየር በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ክብደቱን ያጣል፤ ሞተሩ አጠገብ ያለው አየር ደግሞ ከውጭው በብዙ ይሞቃል። በዘይት የራሰ የጥጥ ፊልትሮ ከደረቅ ወረቀት ይልቅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። በአፋር መንገድ ለሚመላለስ መኪና ይህን አጥብቀን እንከለክላለን። የተረፈውን ናፍጣ አቧራው የሚበላቸውን ካሚቻና ሪንግ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ውስጠኛ ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበት በመግዛት መልሳችሁ ትከፍሉታላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለው አጭር ቱቦ ነው። እዚያ ላይ ያለ ስንጥቅ አያፏጭም፣ አያጨስም፣ ዘይት አያንጠባጥብም። ወደ ውስጥ ነው የሚስበው፤ ያልተጣራ አቧራ ይዞ በቀጥታ ሞተር ይገባል። ቱቦውን አውልቁና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። ቡናማ መስመር ካሳየ መስመሩን ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ መጨረሻው ወይ የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት)፣ ወይ የፊልትሮው መቀመጫ ጎማ፣ ወይ የተሰነጠቀ ላስቲክ ነው። እግረ መንገዳችሁን የቱርቦውን ምላጭ በባትሪ እዩት፤ የፊት ጠርዙ ስለቱን አጥቶ ከደነዘዘ አቧራ ሲበላው ቆይቷል። ጋቢናው በሚያጋድል መኪና ላይ ደግሞ የላይኛውን መሳቢያ ከታችኛው የሚያገናኘው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጎማ ቶሎ ይቀደዳል። እሱ ከፊልትሮው በፊት ስለሆነ ሞተሩን ወዲያው አይገድልም፤ ግን ከሞተሩ ዙሪያ ሙቅ አየርና የመንገድ አቧራ እያስገባ ፊልትሮውን ከጊዜው በፊት ይደፍነዋል።

ፊልትሮን ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ይቅር። ወረቀቱ ከማጣበቂያው ይላቀቃል፣ ቆርቆሮው ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። በአየር መንፋት ግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ አፈሙዙን አርቃችሁ ንፉ። ከዚያ ጨለማ ቦታ አምፖል ውስጡ አስገብታችሁ አዙሩት፤ ነጥብ የምታህል ብርሃን ካያችሁ ጣሉት። ውስጠኛው ትንሹ ፊልትሮ ፈጽሞ አይነፋም፣ አይታጠብም፤ ይቀየራል። ፊልትሮውን በየቀኑ መክፈትም ጥሩ አይደለም። በከፈታችሁ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሑ በኩል ይወድቃል። ትንሽ አቧራ የያዘ ወረቀት ደግሞ ከአዲሱ ይልቅ አጥርቶ ያጣራል፤ የመክፈቻውን ቀን የውሃው ቁጥር ይወስን። በየቀኑ የሚነካው ከቤቱ ሥር ያለችው አቧራ መጣያ ላስቲክ ናት። ጠዋት ጠዋት ረዳቱ ጨመቅ ያድርጋት። ወድቃ ከሆነ በጨርቅ አትወትፉት፤ አዲስ ግጠሙ።

አሁን ከቱርቦው ወዲያ እንሻገር። እዚህ አየሩ ተጭኖ ስለሚሄድ ስንጥቅ ካለ የተጨመቀው ወደ ውጭ ይወጣል። ቱርቦው የደከመበት አየር ይባክናል፣ መኪናው ይጨሳል፣ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። መፈተሻው እንዲህ ነው፦ ከቱርቦው የሚወጣውን ሙቅ አየር የሚያቀዘቅዘውን የኢንተርኩለሩን መግቢያና መውጫ በመክደኛ ዝጉ፤ አንደኛው መክደኛ የአየር መግቢያና የግፊት ጌጅ ይኑረው። መክደኛዎቹን በሰንሰለት እሰሯቸው፤ ያልታሰረ መክደኛ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። 2 ባር ሙሉና አየሩን ዝጉ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ከ0.35 ባር በላይ ካልወረደ ኢንተርኩለሩ ደህና ነው። ከወረደ የሳሙና ውሃ እየቀባችሁ አረፋ ፈልጉ። የጎማ መገጣጠሚያዎቹ ካረጁ አራት ድርብ ሲሊኮን ከሰፊ ባለ ብሎን ፋሸታ ጋር ይሻላል። ዘይት የነካውን ጫፍ ሳታጸዱ አትግጠሙ፣ ይንሸራተታል። ከመጀመሪያው ሙቅ ጉዞ በኋላም ፋሸታውን እንደገና አጥብቁ።

አሮጌው ዓይነት ናፍጣ ፖምፓ ያላቸው መኪናዎች ላይ ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ወደ ፖምፓው የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። የቱርቦው ግፊት ሲጨምር ናፍጣውን እንዲጨምር ለፖምፓው የምትነግረው እሷ ናት። ከተሰነጠቀች መኪናው ሳይጨስ ይደክማል። ብዙ ጊዜ ይህ ሲሆን ፖምፓው ይፈታና የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ብሎን ይነካካል። ቱቦዋ ስትስተካከል ናፍጣው ከልክ በላይ ይሆናል፤ ጥቁር ጭሱም ይጀምራል። ስለዚህ ፖምፓ ከመነካቱ በፊት ያቺ ቱቦ ትታይ።

የቱርቦ ግፊት ማሳደግን በሚመለከት መልሳችን አጭር ነው፤ ደጋ ላይ አታድርጉት። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ቀድሞውኑ ከቆላው በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል። ላዩ ላይ ስትጨምሩበት ከተሠራበት ዙር ያልፋል፤ ዘንጉ ወይም ምላጩ ይሄዳል።

ነዳጁ መቀነሱን ለማወቅ ጋኑን ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ ቀጂ፣ እስከ አፉ ሙሉ፤ በተመሳሳይ ጭነት በተመሳሳይ መንገድ ቢያንስ ሦስት ምልልስ አነጻጽሩ። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር የሚፈጅ መኪና በ900 ኪሎ ሜትር 405 ሊትር ያቃጥላል። 3 በመቶ ከቀነሰ 12 ሊትር ተረፈ ማለት ነው። የታፈነና የሚያፈስ መኪና ከዚህም በላይ ሊመልስ ይችላል። ደህና በሆነ መኪና ላይ ግን አየር መሳቢያ ብቻ ቀይሮ 15 እና 20 በመቶ እቀንሳለሁ የሚላችሁን በዚሁ በውሃው ቱቦ አስለኩት።

ጣውላው፣ ቱቦውና መክደኛዎቹ ግቢው ውስጥ ከቆመው መኪና አጠገብ ተዘጋጅተዋል። ረዳቶች ቀድማችሁ ውጡ፤ ነጩን ጨርቅ የምትይዙት እናንተ ናችሁ።