የሲሲ ማነስ የቤንዚን ቁጠባ ነውን? ስለ ትናንሽ መኪኖች የነዳጅ ፍጆታ የተደረገ ውይይት

ምሕረት፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ውይይታችን በትናንሽ የቤት መኪኖች የነዳጅ ፍጆታ ላይ ያተኩራል፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ሄኖክ፣ እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሞተሩ ሲሲ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ይዘት፣ ካነሰ መኪናዋ ቤንዚን አትበላም ብዬ አምን ነበር፤ አሁን የምነዳትን መኪና የመረጥኩትም በዚሁ እምነት ነው።

ሄኖክ፦ እምነትሽ ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ለማረም ቀላል ነበር፤ ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ትንሽ ሞተር በዝግታ ሲሄድና መብራት ላይ ሲቆም የሚያባክነው ነዳጅ አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ የሚጎትተው ክብደት ካልቀነሰ የሚጠበቅበት ሥራም አይቀንስም፤ ዳገት ሲመጣና ፍጥነት ሲጨመር እየጮኸ በከፍተኛ ዙር ለመሥራት ይገደዳል። በ2020 ለገበያ የቀረበችውን ቶዮታ ያሪስን እንመልከት። በጃፓን የሙከራ ሥርዓት ባለ 1.0 ሊትር (1,000 ሲሲ ገደማ) ሞተሯ ያሪስ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20.2 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ፣ ባለ 1.5 ሊትር (1,500 ሲሲ ገደማ) ሞተሯ 21.6 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች።

ምሕረት፦ ትልቁ ሞተር ትንሹን በለጠው ማለት ነው። የሁለቱ አካል አንድ ዓይነት ነው?

ሄኖክ፦ አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያየው የሞተሮቹ ዘመን ነው። ባለ 1.5ው አዲስ ንድፍ ሲሆን ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፣ ድብልቁንም አጥብቆ ይጨምቃል። ባለ 1.0ው ግን ከእሱ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ሞተር ነው። ሲሲ የሞተሩን ስፋት ይነግርሻል እንጂ ከእያንዳንዱ ጠብታ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ አይነግርሽም።

ምሕረት፦ ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ አባባል አለ። ማኑዋል ካምቢዮ ያላት መኪና ከአውቶማቲኳ ይልቅ ትቆጥባለች ይባላል።

ሄኖክ፦ አባባሉ በአሮጌዎቹ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ዘመን መሠረት ነበረው፤ ዛሬ ግን በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ተገልብጧል። የ2020 ሆንዳ «ፊት» የተባለችው መኪና በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት፣ ማይሉንና ጋሎኑን ወደ ሊትር ስመልሰው፣ ሲቪቲ በሚባለው ቋሚ የማርሽ ደረጃ በሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ገደማ ትፈጃለች፤ በማኑዋል ደግሞ 7.6 ሊትር። የዚያው ዓመት ኒሳን ቨርሳም በሲቪቲ 6.7፣ በማኑዋል 7.8 ሊትር ነው የተመዘገበላት። ሲቪቲው ሞተሩ በተቻለ መጠን በዝቅተኛ ዙር እንዲሠራ ሲያደርግ፣ የማኑዋሉ የመጨረሻ ማርሽ ግን አጭር ከሆነ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ሲጮኽ ይውላል። እኔ ራሴ የማኑዋል ወዳጅ ስለሆንኩ ይህን የምናገረው ደስ እያለኝ አይደለም።

ምሕረት፦ መጀመሪያ ላይ «በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ስትል ቆይተህ አሁን «በ100 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር» አልክ። ሆን ብለህ ነው?

ሄኖክ፦ ሆን ብዬ ነው፤ የመጀመሪያው አነጋገር ዓይንን ያታልላል። አንድ ሰው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪናውን 12.5 በምትሄድ ለወጠ እንበል፤ ሌላው ደግሞ 20 የምትሄደውን 25 በምትሄድ ለወጠ። ከሁለቱ የበለጠ ነዳጅ ያተረፈው የትኛው ነው?

ምሕረት፦ ሁለተኛው ነው እላለሁ፤ የእሱ ጭማሪ 5 ኪሎ ሜትር ነውና።

ሄኖክ፦ የመጀመሪያው ነው። እሱ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር ወደ 8 ሊትር ወርዶ ሁለት ሊትር ሲያተርፍ፣ ሁለተኛው ከ5 ወደ 4 ወርዶ አንድ ሊትር ብቻ አተረፈ። ትናንሽ መኪኖች ከመነሻቸው ቆጣቢዎች ስለሆኑ፣ በኪሎ ሜትር ሲነገር ሰፊ የሚመስለው ልዩነት በሊትር ሲመነዘር ይሟሽሻል። የሁለቱ ያሪሶች ልዩነት በ100 ኪሎ ሜትር 0.32 ሊትር ነው። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 48 ሊትር ይሆናል፤ ይህም አንዲት ትንሽ መኪና በአንድ ጊዜ ከምትሞላው እምብዛም አይበልጥም።

ምሕረት፦ የጃፓንን ቁጥርም የአሜሪካንም ጠቅሰሃል። እርስ በርሳቸው ይነጻጸራሉ?

ሄኖክ፦ አይነጻጸሩም፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ አሮጌው የሙከራ ሥርዓት 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ለስላሳ ጉዞ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ የተተገበረው ሥርዓት 30 ደቂቃ የሚወስድ፣ 23 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና ፍጥነቱ እስከ 131 የሚደርስ ነው። ጃፓን ይህንኑ ሥርዓት ብትቀበልም የመጨረሻውን፣ ማለትም እጅግ ፈጣኑን ክፍል ቀንሳዋለች። በዚህም ምክንያት በቤንዚን ሞተርና በባትሪ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄደው ሃይብሪዷ ያሪስ በጃፓን በሊትር 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ100 ኪሎ ሜትር 2.8 ሊትር ሲጻፍላት፣ በአውሮፓ ቁጥሯ የሚጀምረው ከ3.8 ሊትር አካባቢ ነው። የሕንድ ሙከራ ደግሞ ከ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አያልፍም፤ ስለዚህ የ2024 ሱዙኪ ስዊፍት በማኑዋል በሊትር 24.8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚለውን የሕንድ ቁጥር ከአውሮፓ ቁጥር ጎን አስቀምጦ መፍረድ ሁለት ተማሪዎችን በተለያየ ፈተና አወዳድሮ ደረጃ እንደ መስጠት ነው።

ምሕረት፦ ሃይብሪድን ካነሳህ አይቀር፣ ከተራዋ ትንሽ መኪና ሁልጊዜ ትሻላለች ማለት ይቻላል?

ሄኖክ፦ መንገዱ ነው የሚወስነው። ሃይብሪድ የሆነችውን የ2019 ቶዮታ ፕሪየስ ሲንና ተራዋን የዚያው ዓመት ባለ ሲቪቲ ሚትሱቢሺ ሚራዥን በአንዱ የአሜሪካ መለኪያ እናስተያያቸው። በከተማ ውስጥ ፕሪየስ ሲ በ100 ኪሎ ሜትር 4.9 ሊትር፣ ሚራዥ 6.5 ሊትር ይፈጃሉ። በአውራ ጎዳና ላይ ግን ሁለቱም እኩል 5.5 ሊትር ናቸው። ከተማ ውስጥ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሃይብሪዷ በሙቀት መልክ ሊባክን የነበረውን ጉልበት መልሳ ወደ ባትሪዋ ታስገባለች፤ በአውራ ጎዳና ላይ ግን መልሳ የምትሰበስበው ነገር ጥቂት ነው፤ ቀሪው ነፋስን መግፋት ብቻ ነው። የነፋሱ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ከ90 ወደ 120 ስትወጪ ግፊቱ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ምሕረት፦ እንግዲህ ወደ እኔ መኪና ልመለስ። ዳሽቦርዷ በሊትር 16.8 ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ነው ይለኛል። ባለፈው ጊዜ ግን ታንኩን ሞልቼ፣ 480 ኪሎ ሜትር ነድቼ እንደገና ስሞላው 31.5 ሊትር ወሰደ። ሳካፍለው 15.2 ብቻ ሆነ።

ሄኖክ፦ እኔ የማምነው የሞላሽበትን ስሌት ነው፤ ዳሽቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ ያደላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ መሙላት አይበቃም፤ ቀጂው አንድ ሁለት ሊትር አሳልፎ ወይም አጉድሎ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል። ሦስት ጊዜ ሞልተሽ ኪሎ ሜትሩንም ሊትሩንም ደምረሽ አካፍዪው። የጎማሽንም ነፋስ አስቀድመሽ አስለኪ። በየቀኑ የምትነጂው ምን ያህል ነው?

ምሕረት፦ ጠዋት 4 ኪሎ ሜትር፣ ማታ 4 ኪሎ ሜትር ነው።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ሞተርሽ በቅጡ ሳይሞቅ ነው የምታጠፊው። ቀዝቃዛ ሞተር ድብልቁ ቤንዚን የበዛበት እንዲሆን ይፈልጋል፤ ዘይቱም ገና ወፍራም ስለሆነ ሰበቃው ይከብደዋል። በዚህ ዓይነት ጉዞ የትኛዋም ትንሽ ቤንዚን መኪና በወረቀት የተጻፈላትን ቁጥር አትደርስም።

ምሕረት፦ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነፃ እያደረግሁ እቆጥባለሁ፤ እሱስ አይረዳም?

ሄኖክ፦ ይህንን ዛሬውኑ ተዪው። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ እንደገባ፣ ቤንዚን መስጫውን ስትለቂ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ማርሹን ነፃ ስታደርጊ ግን እንዳይጠፋ መርጨቱን ይቀጥላል። ፍሬንሽንም ታደክሚዋለሽ።

ምሕረት፦ ሦስቱን ሙሊት ጨርሼ ቁጥሩን ለቀጣዩ ክፍል ይዤ እመጣለሁ፤ ከሦስቱ አንዱን ግን ከከተማ ውጭ በሚደረግ ረጅም ጉዞ ላይ አደርገዋለሁ።

ሄኖክ፦ ያንን ለብቻው ጻፊው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳትደምሪው።