ውሻው ጤነኛ ነበር

እሺ... ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ሌላ ነበር፣ ግን ይሄ ሰውዬ አልለቀቀኝም። ፈርዲናንድ ራይሙንድ። አዎ፣ "ደሞ ሙታንሽን ጀመርሽ" ልትሉኝ ነው፣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

የቪየና ሰው ነው፣ ቴአትር ይጽፋል፣ ራሱ ይተውናል። ልጅ እያለ ኬክ ቤት ተለማማጅ ነበር፣ ቴአትር ቤት እየገባ ጣፋጭ ለተመልካች ይሸጣል፣ ከዛ ደሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚስቅለት ሆነ። እሱ ግን ልቡ ትራጄዲ ላይ ነው። ኮሜዲያን ሁሉ ይሄ ነገር አለበት መሰለኝ... ተዉት።

እኔን የያዘችኝ ያቺ ሌሊት ናት። በፈረንጆች 1836፣ የኦገስት መጨረሻ። የገዛ ውሻው ነከሰው፣ እሱ ደሞ ውሻው አብዷል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞኛል ብሎ አመነ፣ አለቀ። ከፍቅረኛው ከቶኒ ጋር ሐኪም ፍለጋ ወደ ቪየና ጉዞ ጀመሩ፣ መንገድ ላይ መብረቅ፣ ዶፍ፣ ፖተንስታይን የምትባል ቦታ ለማደር ተገደዱ። እና እዛ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን... በራሱ ላይ ተኮሰ። ወዲያው እንኳን አልሞተም እኮ፣ ሴፕቴምበር 5 ነው ያረፈው። ውሻው ምንም አልነበረበትም።

ምንም!

ሞኝ ነው እንዳትሉት ግን፣ ፓስተር የሠራው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የመጣው በ1885 ነው፣ ያኔ ከያዘህ በቃ ሞትክ ነው። እኔ ራስ ምታት ሲይዘኝ ጎግል ላይ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ አይደል፣ አትሳቁ።

የሚገርመው ደሞ በ1828 ሰውን ሁሉ የሚጠረጥር፣ ሚስቱን ሳይቀር ገዳዬ ናት የሚል ሰውዬ ያለበት ቴአትር ጽፏል፣ የተራራው ንጉሥ የሰውየውን መልክ ይዞ ይመጣና ራሱን ያሳየዋል፣ ሰውየው አይቶ ይድናል። ያንን በሽተኛ መድረክ ላይ የተጫወተው ማን ነው? ራሱ። መድኃኒቱን ያውቀዋል ማለት ነው... ወይስ መጻፍ ሌላ መዳን ሌላ? እንጃ።

ኧረ ቶኒን ረሳኋት! በ1820 ሌላ ሴት ሊያገባ ቀጠሮ ይዞ ሠርጉ ላይ ቀረ፣ ሕዝቡ ሲቆጣ ተመልሶ አገባት (ሃሃ)፣ ተለያዩ፣ ካቶሊክ ስለሆነ ድጋሚ ማግባት አይችልም፣ ስለዚህ እሱና ቶኒ ማርያም ሐውልት ፊት ቃል ተገባቡ፣ በቃ። እና ያን ሌሊት አብራው ያለችው እሷ ናት። ምን አለችው ይሆን... "አይዞህ፣ ጠዋት እንሄዳለን"?

ዝናቡ ባይዘንብ ሐኪሙ ጋ ይደርሱ ነበር እላለሁ። ግን ሐኪሙስ ምን ሊለው ነው፣ ምንም የለውም እኮ፣ ጠብቅ ነው የሚለው፣ መጠበቅ ደግሞ እሱ...