ሰባት ቤት በማን ይቆጠራል?

ጤና ይስጥልኝ። ድምፄ ከሻከረባችሁ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው።

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። የጠየቀችኝ አብሮ አደጌ ናት። እሷና ባሏ ልጅ ሲጠብቁ 11 ዓመት ሆናቸው። ሸንኮራ ዮሐንስ ተጠመቁ፤ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተመላለሱ። በመጨረሻ የባሏ ዘር እንደማይሆን፣ ከለጋሽ መውሰድ እንዳለባቸው ተነገራቸው። ደቡብ አፍሪካ ዘመድ አላቸው፤ እዚያ ሊሄዱ ነው። የሚያስጨንቃት ገንዘቡ መስሎኝ ነበር። "ልጄ ሲያድግ ሰባት ቤት በማን ይቁጠር?" አለችኝ።

መንዝ ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል። የመጀመሪያ እጮኛዬን ለአያቴ ስነግራት ጣቷን ዘረጋች። "አባቱ ማነው? የአባቱስ አባት?" እያለች ወደ ላይ ወጣች። አምስተኛው ላይ ገጠምን። አለቀ። ለድግሱ የተገዛው ጌሾ ለማርያም ማኅበር ሆነ።

እናም የደቡብ አፍሪካን ደንብ ፈልጌ አነበብኩት። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ነው። ከአንድ ለጋሽ ከ6 ልጅ በላይ እንዳይወለድ ይከለክላል። አያቴ ወደ ላይ ትቆጥራለች፣ እነሱ ወደ ጎን። ፍርሃቱ ግን ያው ነው። ዘር መሸጥም አይቻልም፤ ለለጋሹ የሚመለስለት ያወጣው ወጪ ነው። ወንድ ወይም ሴት ይሁንልኝ ብሎ መምረጥም ክልክል ነው፤ ከጾታ ጋር የሚወረስ ከባድ በሽታ ካልኖረ በቀር። (ይቺን ለአንዳንድ አጎቶቼ ባነበብኩላቸው!)

ያልዋጠልኝ ሌላው ነው። በልጆች ሕጋቸው የለጋሹ የጤና መረጃ ይሰጣል፤ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ልጁ ሌላም ሌላም ማወቅ ይችላል። ማንነቱን ግን አይነግሩትም።

ለጋሹን መሸሸጋቸው ይገባኛል። ስሙ የሚወጣ ከሆነ ማን ደፍሮ ይለግሳል? ግን ልጁ ስሙን ላይፈልገው ይችላል። "ይቺን ልጅ ላገባ ነው፤ ዘመዴ ናት?" ሲል አዎ ወይም አይደለችም የሚለው ሰው ይበቃዋል። አያቴ ይሄን ሥራ በነጻ ነበር የምትሠራው። መዝገቡን የያዘ መሥሪያ ቤት ስም ሳያወጣ ይቺን ብቻ እንዲመልስ ሕግ ያስገድደው ነው የምለው። እኛም አገር ሕግ የሚያረቁ ሰዎች ከአንዲት የመንዝ አሮጊት ጋር ቡና ቢጠጡ ደስ ይለኛል።

ለጓደኛዬ "በባልሽ ቁጠሪ" አልኳት። "አያትሽ ብትሰማሽ!" ብላ ሳቀች። አሁን ፓስፖርት ለማውጣት እየተሯሯጡ ነው።