ከወንበሩ እንጀምር

እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶቼ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘን አራተኛ ፎቅ እንወጣለን፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ ከዚያ ማታ «ወይ ወገቤ» ነው። ወገብ ብቻውን ምን ያድርግ? ጭንና መቀመጫ ሥራቸውን ሲተዉ ሸክሙ እሱ ላይ ይወድቃል።

ይሄ ነገር የገባኝ እናቴ ቡና አፍልታ ከዱካው ስትነሳ «ያዙኝ» ማለት ስትጀምር ነው። እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። ግን ጡንቻ ካልሠራ እየሳሳ ይሄዳል፣ ከሠራ ደግሞ በ70 ዓመትም ይጠነክራል። ወንበር ግድግዳ አስደግፈን በቀን 5 ጊዜ ቁጭ ብድግ አስጀመርናት። መጀመሪያ በእጇ እየተደገፈች፣ ቆይቶ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ። ዛሬ ጀበናዋን ይዛ ትነሳለች። ሳያት ደስታዬን አልችለውም።

አዎ፣ ያው ትምህርት ቤት ስናረፍድ የተቀጣንበት ቁጭ ብድግ። ቅጣት ስለሆነ ጠላነው እንጂ ለእግር ከሱ የሚሻል ብዙ የለም። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት። ተረከዝ ከመሬት አይነሳ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጉ፣ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። 10 ሠርታችሁ አረፍ፣ እንዲህ ሦስት ዙር። ሲቀላችሁ ሁለት ባለ 2 ሊትር ውሃ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ አንግቱት።

ቦርጭ ለማጥፋት ሲት አፕ የምትሠሩ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ስብ ከአንድ ቦታ ተመርጦ አይወጣም። ይልቅ ሆዳችን ውስጥ እንደ እናቶቻችን መቀነት ዙሪያውን የሚያቅፈን ጡንቻ አለ፣ እሱን አጠንክሩት። ፕላንክ ሥሩ። በክርናችሁና በእግር ጣቶቻችሁ ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጉ፣ 15 ሰከንድ ይበቃል፣ ትንፋሽ አትያዙ፣ ወገባችሁ መርገብ ሲጀምር ግን ወዲያው አቁሙ። የከበደው በጉልበቱ ይንበርከክ። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን ማንሳት። ምንጣፍ ካለ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይመክራል። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

በሉ፣ ወንበሮቹን ግድግዳው ጋ አስጠጉ። እማማ፣ እርስዎ እዚህ አጠገቤ ይሁኑ። አምስት ብቻ ነው። አንድ...